አረፋው ምን ይሠራል? በቤት ውስጥ የሚዘጋጁ የእጅ ቅባቶች በምህንድስና ዓይን

ደረቁ ወቅት ሲገባ፣ በተለይ ከኅዳር ጀምሮ፣ ስልካችን ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ይበዛል። አንድ ሳህን፣ ትንሽ ማር፣ ግማሽ ሎሚ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንዳንዴም እርጎ ወይም አቮካዶ ይቀርባል። ይቀላቀላል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ከዚያ አመድ የመሰለ እጅ ይቀባና ወዲያው ያብረቀርቃል። ከሥሩ ደግሞ "ኬሚካል የለውም፣ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ" የሚል ጽሑፍ ይታያል።

መጽሐፍና ፊልም እንደሚገመገመው ሁሉ እነዚህንም አዘገጃጀቶች መገምገም ይቻላል። እኔ የኬሚካል ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። በእኛ ሙያ ግን አንድ ውህድ ሲቀርብልን አራት ጥያቄ እንጠይቃለን። ምን ያህል ይገባበታል? እያንዳንዱ ነገር ሥራው ምንድን ነው? ስንት ቀን ይቆያል? መሥራቱንስ በምን አወቃችሁ? አብዛኞቹ ቪዲዮዎች ከአራቱ አንዱንም አይመልሱም። ይህ የሚያስጨንቀኝ ቅባቱን የሚቀባው ሰው ብዙ ጊዜ እጁ የተሰነጠቀ ሰው ስለሆነ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሳሙናና በበረኪና ልብስ የሚያጥብ፣ ዕቃ የሚያጥብ፣ ሲሚንቶ የሚያቦካ ሰው።

እጅ ለምን ይደርቃል?

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የጡብ ግንብ ይመስላል። ጡቦቹ በኬራቲን የተሞሉ የሞቱ ሴሎች ናቸው። በመሃላቸው እንደ ሲሚንቶ የሚያያይዛቸው ደግሞ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የቅባት አሲዶች ድብልቅ ነው። በአብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ይህ ግንብ ከአንድ ወረቀት ይሳሳል። መዳፍ ላይ በጣም ይወፍራል፤ ነገር ግን መዳፍ ቅባት የሚያመነጩ ዕጢዎች የሉትም። ሳሙና በተደጋጋሚ ሲያገኘው ከግንቡ ሲሚንቶ እየሸረፈ ይወስዳል፣ ውሃው ያመልጣል፣ ቆዳው ይገረጣል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኧርቪን ብላንክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1952 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ የደረቀ የእግር ቆዳ ቁራጭ ወስዶ ዘይትና ቅባት ውስጥ ቢነክረው እንደደረቀ ቀረ። ውሃ ሲያገኝ ግን ለሰለሰ። ስለዚህ ቆዳን የሚያለሰልሰው ውሃ ነው። ቅባት ሥራው ዘበኛ መሆን ነው፤ ውሃው እንዳይወጣ በር ይዘጋል። እንግዲህ የእጅ ቅባት ሦስት ነገር ይጠበቅበታል ማለት ነው፦ ውሃ መያዝ፣ ውሃውን ማቆየት፣ ግንቡን አለማፍረስ። ቪዲዮዎቹን በዚህ እንመዝናቸው።

ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ

ጤነኛ ቆዳ በመጠኑ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ 5 አካባቢ ይሆናል። የሎሚ ጭማቂ ወደ 2 ይጠጋል። የፒኤች ቁጥር በአንድ በቀነሰ ቁጥር አሲድነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ ከ5 ወደ 2 መውረድ 1000 እጥፍ ነው። የተሰነጠቀ እጅ ላይ ሎሚ ሲነካ የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው። "ካቃጠለ እየሠራ ነው" የሚለው አባባል ስህተት ነው፤ ቁስል ውስጥ ያሉ ነርቮች አሲድ ሲያገኛቸው ጮኹ እንጂ ሌላ የተሠራ ነገር የለም።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። በሎሚና በዘመዶቹ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች ይገኛሉ። ቆዳ ላይ እያሉ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ቃጠሎ የሚመስል ጉዳት፣ አንዳንዴም ውሃ የቋጠረ እብጠት ያመጣሉ፤ ሲድን የሚቀረው ጥቁር ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ጨረሩ ይበረታል። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ልብስ ማስጣት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ቤኪንግ ሶዳ በተቃራኒው አልካላይን ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ፒኤቹ 8 ገደማ ይሆናል። ታዲያ ሁለቱ ሲገናኙ የምናየው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ያው ጋዝ። አሲዱና ሶዳው እርስ በርስ ተበላሉ፣ ጋዙ አየር ላይ ሄደ፣ ሳህኑ ላይ የቀረው ሶዲየም ሲትሬት የሚባል ጨው ያለበት ውሃ ነው። አረፋው ለዓይን ደስ ይላል፤ ለእጅ የሚያደርገው ነገር ግን የለም። ልኩ ስላልተነገረን ደግሞ የተረፈው አሲዱ ይሁን ሶዳው እንኳ አናውቅም። "ትንሽ ጨምሩ" ለወጥ ይሠራል፣ እየቀመስን እናስተካክላለንና። ቆዳ ግን ቀምሶ አይነግረንም፤ የሚናገረው ከተቆጣ በኋላ ነው።

"በፊት" እና "በኋላ"

አሁን ወደ ማስረጃው እንሂድ። እጅ ሲደርቅ አመድ የሚመስለው የላይኛው ሽፋን ተፈርፍሮ በመሃሉ አየር ስለሚገባ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ፍርፋሪው፣ ከፍርፋሪው ወደ አየር ሲመላለስ ይበታተናል፣ እኛም ነጭ ሆኖ እናየዋለን። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ዘይት ስንቀባው ክፍተቱን ይሞላዋል። ዘይትና ቆዳ ብርሃንን የሚያጥፉበት መጠን ስለሚቀራረብ መበታተኑ ይቀንሳል፣ አመዱም "ይጠፋል"።

ይህ የብርሃን ጨዋታ ነው። የምግብ ዘይት ብትቀቡም ይሆናል፤ ውሃ ብትነክሩትም ለጥቂት ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ቀብቶ ወዲያው ፎቶ ማንሳት ስለ ፈውስ የሚነግረን ነገር የለም። መታየት ያለበት በማግስቱ ጠዋት፣ ምንም ሳይቀባ ያለው እጅ ነው። እሱን የሚያሳይ ቪዲዮ ግን ብዙ አያጋጥምም።

ስንት ቀን ይቆያል?

ቆሎ ለሳምንታት ይቆያል፤ እንጀራ በጥቂት ቀን ይሻግታል። ምክንያቱ ውሃ ነው። ባክቴሪያና ሻጋታ ለመራባት ሊጠቀሙበት የሚችሉት ውሃ ይፈልጋሉ። ማር ብቻውን ለዓመታት የሚቆየው ውሃው በስኳር ስለተያዘ ነው። ማሩን ከእርጎና ከአቮካዶ ጋር ስንቀላቅለው ግን ውሃም ምግብም ጨመርንበት። "በብልቃጥ አስቀምጡና ለአንድ ወር ተጠቀሙ" የሚለው ምክር እዚህ ላይ አደገኛ ይሆናል፤ የተሰነጠቀ እጅ ለተህዋስያን ክፍት በር ነውና። በሱቅ የሚሸጠው ሎሽን ውስጥ ማቆያ የሚጨመረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚገርመው፣ እናቶቻችን ይህን ነገር ከወጥ ቤት ያውቁታል። ቅቤ ለምን ይነጠራል? ለጋ ቅቤ ውስጥ ያለው ውሃና የወተት ቅሪት እንዲወጣ አይደል? የተነጠረው ረጅም ጊዜ ይቆያል። ያንኑ ዕውቀት ወደ ቅባት ብልቃጥ ብናመጣው ግማሹ ችግር በተፈታ።

የሚያስመሰግናቸው

ሁሉም ከንቱ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ቫዝሊን ራሱ የባህል መድኃኒት ሊባል ይችላል። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ፔንሲልቫኒያ ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ ሠራተኞች ከመሣሪያው ላይ የሚጠራቀመውን ሰም መሰል ቅባት ቁስልና ቃጠሎ ላይ ሲቀቡ አየ። ዝቃጩን ለዓመታት አጣርቶ ነጭ አደረገው፣ በ1872 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘበት። የሠራተኞቹ ግምት ትክክል ነበር፤ ሳይንሱ የጨመረው ማጣራትን ነው። ቫዝሊን ውሃ የለውም፣ ስለዚህ አይሻግትም። ውሃን በማገድም ከሚወዳደሩት ጥቂት ናቸው።

ግሊሰሪንም ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ውሃን ይስባል፣ ይይዛል። ችግሩ ደረቅ አየር ውስጥ፣ ሳይበረዝ፣ ደረቅ እጅ ላይ ሲቀባ ውሃውን ከቆዳው ከራሱ ሊስብ መቻሉ ነው። ዘይቶችም እኩል አይደሉም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት በጥቂት በጎ ፈቃደኞች ላይ እንዳሳየው፣ የወይራ ዘይት የቆዳውን ግንብ ሲያዳክም የሱፍ አበባ ዘይት ግን አላዳከመም። ሁለቱም "ተፈጥሯዊ" ናቸው። ቃሉ ብቻውን ምንም እንደማይመሰክር ከዚህ ማየት ይቻላል።

በአንጻሩ ምንም ምስጋና የማይገባው አንድ ዓይነት አለ፦ ከፋርማሲ የተገዛ የስቴሮይድ ክሬም ከቅባት ጋር ቀላቅሎ "ለየቀኑ" ማለት። ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ የሚረዳ መድኃኒት ነው፤ ያለ ልክ ሲለመድ ቆዳን ያሳሳል። የሳሳ ግንብ ደግሞ ውሃ አይይዝም።

እኛስ?

ወቀሳው ቪዲዮ ሠሪዎቹ ላይ ብቻ እንዲወድቅ አልፈልግም። ዩኒቨርሲቲ ያለን ሰዎች ብዙ ጊዜ "የቆዳ ሐኪም ያማክሩ" ብለን እናልፋለን። የቆዳ ሐኪም በየወረዳው አይገኝም፤ ተራው ሲደርስም የቀን ሥራ ይቀራል። ቪዲዮዋን የሠራችው ልጅ ቢያንስ በሰው ቋንቋ ተናግራለች፣ ቤት ውስጥ ባለ ነገር መልስ ለመስጠት ሞክራለች። እኛ ዝም ካልን ሎሚው ቦታውን ይይዛል።

እንግዲህ በእነዚያው በአራቱ ጥያቄዎች ሲመዘን የሚያልፈው አሠራር አጭር ነው። እጃችሁን በለብታ ውሃ ታጠቡ። በፎጣ ጠብ ጠብ አድርጉት እንጂ አትፈግፍጉት። ገና እርጥብ እያለ ጥቂት ጠብታ ግሊሰሪን፣ ከላዩ ስስ ቫዝሊን ቀቡ። ግሊሰሪን ከሌለ ቫዝሊኑ ብቻውን ይበቃል። ማታ ላይ የጥጥ ካልሲ እጃችሁ ላይ ብታጠልቁ ይረዳል። ልብስ ስታጥቡና በረኪና ስትነኩ ጓንት አድርጉ። ስንጥቁ ከደማ፣ መግል ከያዘ ወይም ማሳከኩ ከተስፋፋ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ያኔ ነገሩ ከድርቀት አልፏል።

እኔንም ቢሆን ዝም ብላችሁ አትመኑኝ። እጃችሁ ካልተሰነጠቀ ለአንድ ሳምንት በራሳችሁ ላይ ሞክሩት፦ አንዱን እጅ ደርቆ እያለ፣ ሌላውን እርጥብ እያለ በእኩል መጠን ቫዝሊን ቀቡ። በየማለዳው፣ ሳትታጠቡና ሳትቀቡ፣ ሁለቱን እጆች መስኮት አጠገብ አነጻጽሩ፤ ያያችሁትንም ጻፉ። የትኛው እጅ የትኛው እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አሳይታችሁ "የቱ ይሻላል?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ ደግሞ ውጤቱ ይበልጥ ይታመናል።