የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ከግንደወይን ሲታይ

በቢቸናና በሞጣ መካከል የምትገኘው ግንደወይን የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስለ አገሩ የወጌሻ ሙያ ጥቂት ማስታወሻ ለመሰብሰብ በጀመርሁ ጊዜ አንድ ጥያቄ ተደቀነብኝ። ይኸውም፣ ሐኪም ላልሆነው ሕዝብ የሚሰጠው የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ለየትኛው አገር ሰው ታስቦ ተዘጋጀ? የሚል ነው። የትምህርቱን ጥቅም የሚክድ የለም፤ እኔም አልክድም። የምነቅፈው አቀራረቡን ነው። ያየኋቸው መምሪያዎች ሁሉ ረዳቱ የሚሠራው አምቡላንስ እስኪደርስ ላሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ እንደሆነ አድርገው ይነሣሉ። ከግንደወይን በታች ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ግን ቁስለኛ የሚሄደው በቃሬዛ ነው፤ ጎልማሶቹ እየተፈራረቁ ተሸክመው መኪና መንገድ እስኪያደርሱት ድረስ ግማሽ ቀን ሊያልፍ ይችላል።

እኔ ራሴ ትምህርቱን የተማርሁት በአንድ የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እርስ በርሳችን ክንድ ስንጠቀልል እየሳቅን ዋልን፤ ሦስት ማዕዘን ጨርቁን ማጣጠፍ ቻልን፤ የምስክር ወረቀትም ተቀበልን። ደም በብዛት ሲፈስ ምን ይደረግ ብለን ብንጠይቅ፣ «ተጫኑት፤ ከዚያ አምቡላንስ ጥሩ» ተባልን። ቱርኒኬት ስለሚባለው የደም ማገጃ ማሰሪያ ግን፣ አደገኛ ስለሆነ ባትነኩት ይሻላል ተብሎ ታለፈ። በዚያው ክረምት አገሬ ገብቼ ሳለ አንድ ጎረቤታችን እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው አዳልጦ ባቱን መታው። ሮጬ ከጉልበቱ በታች በነጠላ አሰርሁት፤ ደሙ ግን ባሰበት። የሰፈሩ ወጌሻ መጡና ማሰሪያዬን ፈትተው፣ «ልጄ፣ ይህ መቀነት ነው እንጂ ማሰሪያ አይደለም» አሉኝ። ከዚያም ጨርቅ ደራርበው ቁስሉ ላይ አድርገው በጉልበታቸው ተጫኑት። ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ አልተነሡም። ደሙ ቆመ፤ ሰውየውም ዳነ።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ላላ ብሎ የታሰረ ማሰሪያ ደም ወደ ልብ የሚመለስበትን ደም መልስ ይዘጋል፤ ደም ከልብ የሚመጣበትን ደም ቅዳ ግን አይዘጋም። ስለዚህ ደሙ ወደ እግር ይገባል፣ መመለሻ ግን ያጣል፤ በቁስሉም በኩል ይወጣል። በትክክል የሚታሰረው ማሰሪያ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ መሆን አለበት፤ ቀጭን ገመድ ሥጋ ይቆርጣልና። ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ከመገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ አጭርና ጠንካራ እንጨት ገብቶበት ደሙ እስኪቆም ድረስ ይጠመዘዛል፤ የታሰረበት ሰዓትም ይጻፋል። ሲታሰር በጣም ያማል። ቁስለኛው ስለ ጮኸ ማላላት ስሕተት ነው። ይህን ለመማር ነጠላና የመጥረቢያ እጀታ ስባሪ ይበቃን ነበር።

ወጌሻውም ቢሆን ያለ ነቀፋ አይታለፍም። ክፍት ቁስል ላይ የቡና ዱቄት ወይም ዐመድ መነስነስ በአገራችን በብዙ ስፍራ የሚታይ ልማድ ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን የስብራት አስተሳሰሩ ነው። ቀርከሃው በኃይል ተጠብቆ ይታሰርና ለቀናት ሳይታይ ይቆያል፤ እብጠቱ ሲጨምር ደም ወደ ጣቶቹ መድረሱ ይቀራል፤ እጅ ወይም እግር ይጠቁራል። በዚህ ምክንያት ስለሚቆረጡ እጆችና እግሮች፣ በተለይም ስለ ሕፃናት፣ የአገራችን ሐኪሞች በተደጋጋሚ ጽፈዋል። እንግዲህ የሁለታችን ስሕተት ተቃራኒ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የተማርሁት እኔ አላልቼ አሰርሁ፤ ያልተማሩት እርሳቸው አጥብቀው ያስራሉ። ያም ሆኖ መምሪያዎቹ ወጌሻን አያነሡትም፤ ቢያነሡትም «አትሂዱ» ለማለት ብቻ ነው። ገበሬው ግን መሄዱን አልተወም። ጣቶች ሳይሸፈኑ እንዲቀሩ፣ ቀለማቸውና ሙቀታቸው በየጊዜው እንዲታይ፣ ሲደነዝዙም ማሰሪያው ወዲያው እንዲላላ ለወጌሻ ለማስተማር ከአንድ ከሰዓት በኋላ የበለጠ ጊዜ የሚፈጅ አይመስለኝም።

የመጀመሪያ ርዳታን ለተራው ሰው ለማድረስ የጣሩ ሰዎች ይህን ችግር ቀድሞም ዐውቀውት ነበር። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ኤስማርክ ሦስት ማዕዘኑን ጨርቅ ሲያስፋፋ አስተሳሰሩን በሥዕል እዚያው ጨርቁ ላይ አሳተመው፤ ማንበብ የማይችል ወታደር እያየ እንዲያስር ነው። በእኛም አገር የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ጦርነቱ በደጅ ስለነበር፣ የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ፋሻ ያዘጋጅ ነበር። ያ ዝግጅት ግን ምን እንደ ገጠመው የታወቀ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የስዊድን አምቡላንስ መልካ ዲዳ ላይ በኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደበደበ፤ የእንግሊዙ አምቡላንስም በዚያው ዓመት ቆረም ላይ ቦምብ ተጣለበት። ከዚያ በኋላ በነበሩት የዐምስት ዓመታት ተጋድሎ በነበላይ ዘለቀ ሥር በቢቸና አገር ለተዋጋው አርበኛ የሚደርስለት አምቡላንስ አልነበረም። የመጀመሪያው ርዳታ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውም ነበር።

በውጭ አገር ስለ ማሰሪያው የነበረው ፍርሃት ከተለወጠ ቆይቷል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1996 ፍራንክ በትለርና ጓደኞቹ «ሚሊታሪ ሜዲሲን» በተባለው መጽሔት የውጊያ ሜዳ ሕክምናን እንደገና ሲመረምሩ ማሰሪያውን ወደ ፊተኛው መሥመር መለሱት፤ በ2015 ደግሞ አሜሪካኖች ይህንኑ ለሰላማዊው ሕዝብ ማስተማር ጀመሩ። (በ2013 በቦስተን የሩጫ በዓል ላይ ቦምብ በፈነዳ ጊዜ ሰዎች ከያዙት ነገር የሠሩት ማሰሪያ አብዛኛው ደም ቅዳን ለመዝጋት በቂ እንዳልነበረ ሐኪሞች ተችተዋል። ይህን ሳነብ ጥቂት ተጽናናሁ።) ነገር ግን ይህም አዲሱ ትምህርት እንዳለ ሲተረጐም ግንደወይን ላይ ይሰናከላል። ማሰሪያው እስከ 2 ሰዓት ድረስ ብዙ ጉዳት አያመጣም ይባላል፤ ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ ግን ሥጋው መሞት ይጀምራል። የከተማው መምሪያ «ሐኪም ብቻ ይፍታው» ብሎ ያበቃል። መንገዱ 6 ሰዓት ቢሆንስ? ለወታደር ረዳቶች የተጻፈው መመሪያ ለዚህ መልስ አለው፤ ቁስለኛው ራሱን ካልሳተና ካልቀዘቀዘ፣ ቁስሉንም መከታተል ከተቻለ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቁስሉ በጨርቅ ተጠቅጥቆና በፋሻ ተጨምቆ ማሰሪያው ቀስ እየተባለ ይላላል፤ ደሙ ከተመለሰ እንደገና ይጠብቃል። ከ6 ሰዓት በላይ የቆየውን ግን አይነኩትም። ይህ ለማንም የሚሰጥ ሥራ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ16ቱ ክፍሎቹ አንዱን ለመጀመሪያ ርዳታ የሰጠ ስለሆነ፣ በየቀበሌው ላሉት ሠራተኞች ይህን ማስተማር ይገባ ነበር ባይ ነኝ። ለሰላማዊው ሰው በጣም ያስፈለገው ክፍል በወታደሩ መጽሐፍ ውስጥ መቅረቱ ያስገርማል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ምክንያት ደግሞ የጥይት ቁስል የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። ወጌሻውን ስለ ሙያቸው ስጠይቃቸው እርሳቸው መልሰው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ «የማን ወገን መሆኑን ሳልጠይቅ ደሙን ባቆምለት፣ በኋላ እኔን ማን ይጠይቀኛል?» አሉኝ። በተማርሁት ትምህርት ውስጥ ስለዚህ አንድም ቃል ስላልነበረ ዝም አልሁ። መልሱ ግን አለ። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ በአንቀጽ 10፣ የሕክምና ሥነ ምግባርን ጠብቆ የሕክምና ሥራ የሠራ ሰው፣ የታከመው ማንም ይሁን ማን፣ ስለ ሠራው ሥራ እንዳይቀጣ ያዝዛል። አንቀጹን በቀላል አማርኛ በአንድ ገጽ ጽፌዋለሁ፤ በሚመጣው ዕረፍት ይዤላቸው እሄዳለሁ።