«ብሌን»፣ «መላመድ» እና የጋምቤላው አስተርጓሚ

«አውሮፕላን ማረፊያ» የሚለው ስያሜ ማብራሪያ አይሻም። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ መንገደኛ፣ አፉን የፈታው በአኙዋክኛም ይሁን በኑዌርኛ፣ አማርኛ እስከ ሰማ ድረስ ምን እንደ ተባለ ያውቃል። ግማሹ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ግማሹ «ዐረፈ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ሁለቱም የየድርሻቸውን ይሠራሉ። ስለ ዓይን ሕመም የሚጻፈው አማርኛ ግን እንዲህ የቀና ሆኖ አላገኘነውም። ነገሩን ከጋምቤላ የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ትራኮማም ኦንኮሰርኪያሲስም በክልሉ የሚታወቁ ደዌዎች ናቸው፤ ሁለቱም ኮርኒያን ሊያጠቁ ይችላሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ በመሆኑ፣ በአማርኛ የተጻፈ የጤና ቃል በአስተርጓሚ አፍ ወደ አኙዋክኛ፣ ወደ ኑዌርኛና ወደ ማጃንግኛ ይሻገራል። ከምንጩ የተሳሳተ ቃል በየቋንቋው ይሳሳታል ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተቋቋመ ወዲህ በዜና ቋንቋ «የዓይን ብሌን ልገሳ» የሚለው አነጋገር ተለምዷል። የሚለገሰው ግን ኮርኒያ ነው፤ ይኸውም በዓይን ፊት ያለው፣ ደም ሥር የሌለው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ጥርት ያለ ሽፋን። በነባሩ አማርኛ ብሌን ከዚህ ሽፋን በስተኋላ የሚታየው ጥቁሩ የብርሃን መግቢያ ነው። ቀዳዳ ይለገሳልን? ቀዳዳስ ይቆስላልን? ለጋሹ ዓይኑ በሙሉ የሚወጣ ቢመስለውና ቢሸሽ፣ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። የላቲኑ ስም ከ«ቀንድ» የመጣ ነው፤ ዐረብኛውም «ቀርኒያ» ብሎ ያንኑ ምስል ወስዷል። ግእዛችን «ቀርን» ስላለው ከዚያ እናርባ የሚል ባለሙያ ይነሣ ይሆናል። እኛ አንደግፈውም፤ በሽተኛው ዓይኑ ቀንድ ያበቀለ እንዳይመስለው እንፈራለን። ኮርኒያን እንደ አውሮፕላን ተቀብሎ፣ «የኮርኒያ ብግነት»፣ «የኮርኒያ ቁስለት»፣ «የኮርኒያ ጠባሳ» እያሉ አገርኛውን ማጋባት ይሻላል።

«ፀረ ተህዋስያን» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። ኮርኒያን የሚያቆስሉት ባክቴሪያዎች ብቻ አይደሉም፤ ቫይረስም ፈንገስም አሉበት፤ በተለይ በእርሻ ላይ ቅጠል ወይም እሾህ የወጋው ዓይን ለፈንገስ የተጋለጠ ነው። ተህዋስያን እነዚህን ሁሉ ያጠቃልላል። አንቲባዮቲክን በዚህ ስም የጠራ ተርጓሚ፣ ሳያስበው፣ የባክቴሪያው ጠብታ ለፈንገሱም ይበጃል ብሏል። «ፀረ ባክቴሪያ» ማለት ምን ይከብዳል?

ከሁሉ የሚያሳስበን «መድኃኒት መላመድ» ነው። ለመደ የሚባለው ማን ነው? በሽተኛው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል፤ ቃሉም ይህን ስሕተት ያጸናለታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመና በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተካሄደ ጥናት ነገሩን ያስረዳል። ለትራኮማ ተብሎ አዚትሮማይሲን በየሦስት ወሩ በታደለባቸው መንደሮች፣ ይህ መድኃኒት የማይገድለው ኒሞኮከስ በአፍንጫና በጉሮሯቸው የተገኘባቸው ልጆች በመጀመሪያ ከመቶ 3.6 ነበሩ፤ በዓመቱ ከመቶ 46.9 ሆኑ። ኒሞኮከስ ኮርኒያንም ከሚያቆስሉት አንዱ ነው። በእነዚያ መንደሮች የለመደ ሰውነት የለም። መድኃኒቱ የሚገድላቸው ባክቴሪያዎች ሲያልቁ፣ የማይገድላቸው ቦታውን ወርሰው ተራቡ። «መላመድ» ቀስ በቀስ መግባባትን ስለሚያሳይ ይህን እልቂትና ውርስ ይሸፍነዋል።

በእኛ አስተያየት ትክክለኛው ግሥ «መቋቋም» ነው። «ተቋቋመ» «ተመሠረተ» ማለትም ስለሆነ ያሻማል የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን ተሳቢ ሲያገኝ መሻማቱ ይቀራል፤ «ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተቋቋመ» ሲባል ማን ምን እንዳደረገ ግልጽ ነው፤ የኑዌርኛው አስተርጓሚም ባለቤቱንና ተሳቢውን ለይቶ ይዞ ይሻገራል። «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚለው ሥር ስለ ሰደደ እርሱን ለመንቀል አንነሣም፤ ስለ ዓይን ሕመም ገና በሚጻፈው ላይ ግን «መድኃኒት ተቋቋሚ ባክቴሪያ» እንዲባል እንጠይቃለን።