አለቱ ኮንክሪት ከመልበሱ በፊት

አትላስ ሠፈር አለት ማየት የፈለገ ሰው ቁፋሮ መጠበቅ አለበት። እንጦጦ ላይ ድንጋዩ ራሱ አግጥጦ ይታያል፤ ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ሃያ ሁለት ባለው ሠፈር ግን መረሬው፣ አስፋልቱና ሕንፃው ሁሉንም ሸፍኖታል። ከወንዝ ዳር በቀር የምድሩ ውስጥ የሚገለጠው ለቤዝመንት ሲቆፈር ነው፤ ያውም ለአጭር ጊዜ። እስካቫተሩ እንደወጣ ፌሮ ይታሰራል፣ ሾትክሪት ይረጫል፣ የድጋፍ ግንቡ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያንን ድንጋይ ሕንፃው እስኪፈርስ ድረስ ማንም አያየውም። የእኔ ሥራ በመካከሉ ባሉት ቀናት ውስጥ የአለቱን ገጽ አንብቦ ካርታ ላይ ማስፈር ነው።

ይህ ሥራ ለብዙ ዘመን የተሠራው በመዶሻ፣ በብራንተን ኮምፓስና በደብተር ነው። እያንዳንዱን የስንጥቅ ገጽ በኮምፓስ እየነኩ ስትራይኩንና ዲፑን፣ ማለትም የተዘረጋበትን አቅጣጫና የቁልቁለቱን መጠን፣ መመዝገብ፣ ሜትር ዘርግቶ የስንጥቆቹን ርቀት መለካት፣ የገደሉን መልክ በእጅ መሣል። ዘዴው አሁንም ትክክል ነው። ችግሩ ግን ኮምፓሱን ለማስነካት ገና ምንም ድጋፍ ካልተደረገለት ገደል ሥር ገብቶ መቆም ግድ ማለቱ ነው። የተቆፈረ አፈርና ድንጋይ በሠራተኛ ላይ ተናደ ሲባል በምንሰማበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታብሌቱ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመኝ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 አይፓድ ፕሮ ላይ የገጠመው ላይዳር ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ ድንጋዩን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ለክቶም ርቀቱን ያሰላል። አንድ ሜትር ላይ ላለ ድንጋይ ደርሶ መልሱ ከሰባት ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። ታብሌቱ ይህን እየደጋገመ፣ የራሱን እንቅስቃሴ ደግሞ በካሜራውና በውስጡ ባሉት ሴንሰሮች እየተከታተለ፣ የገደሉን ቅርጽ በሦስት አቅጣጫ ይገነባል።

ጨረሩ የሚደርሰው እስከ አምስት ሜትር ያህል ብቻ ነው። ብዙ ቤዝመንት ላለው ጥልቅ ጉድጓድ ይህ ትልቅ ጉድለት ይመስላል፤ እኔ ግን በጎ ሥርዓት ሆኖልኛል። ቁፋሮ ከላይ ወደ ታች በእርከን ነው የሚሄደው። እስካቫተሩ አንዱን እርከን ጨርሶ ገለል ሲል ፊቴ ያለው ገጽ የሁለት የሦስት ሜትር ቁመት አለው፤ ትኩስ ነው፣ አቧራም ጭቃም ገና አልለበሰም። ያኔውኑ እስካን አደርገዋለሁ። ጉድጓዱ እስኪያልቅ የጠበቀ ሰው ላይኛውን አለት አያገኘውም። ድሮን ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ከላይ ይወስደው ነበር የሚል አለ፤ ድሮን ግን ያለ ፈቃድ አይበርም፣ አትላስ ደግሞ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው።

ልኬቱ ምን ያህል ይታመናል? እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ» ላይ የወጣ አንድ ጥናት ተመሳሳዩን ሴንሰር በስልክ ላይ ዴንማርክ ውስጥ ፈትኖታል። ጎናቸው ከአሥር ሳንቲሜትር በላይ በሆኑ ትንንሽ ነገሮች ላይ ስሕተቱ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ፣ 130 ሜትር በሚረዝም የባሕር ዳር ገደል ላይ ደግሞ አሥር ሳንቲሜትር ገደማ ነበር። ለእኔ ትልቁ ትምህርት በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ግማሽ ሜትር ስፋት ባለው የስንጥቅ ገጽ ላይ የአንድ ሳንቲሜትር ስሕተት ዲፑን የሚያዛባው በአንድ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሸካራ ድንጋይ ላይ ኮምፓስ ያስቀመጠ ሰው ከዚህ የተሻለ ንባብ ማግኘቱን እጠራጠራለሁ። ረጅም መንገድ ሲኬድ ግን ታብሌቱ የቆመበትን ቦታ ቀስ በቀስ ይስታል፣ ስሕተቱም ይጠራቀማል። ስለዚህ ግድግዳውን አጫጭር አድርጌ እከፋፍላለሁ፤ እያንዳንዱን ክፍል ወደ ጎን በዝግታ እየተራመድኩ ወስጄ ወደ ተነሣሁበት እመለሳለሁ። ስመለስ ያው ድንጋይ ድርብ ሆኖ ከታየ ያንን እስካን አጥፍቼ እንደገና እጀምራለሁ።

ሰሜን ሌላው ጣጣ ነው። ታብሌቱ ወደ ታች የቱ እንደሆነ ከምድር ስበት ስለሚያውቅ ቁልቁለትን በደንብ ይይዛል፤ ሰሜንን ግን ከማግኔት ነው የሚፈልገው። ፌሮ በተከመረበት፣ እስካቫተር በቆመበት፣ ባዛልቱም ራሱ ማግኔትነት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ማግኔት አይታመንም። ውጤቱ አታላይ ነው፤ የስንጥቁ ዲፕ ትክክል ሆኖ፣ የሚያዘነብልበት አቅጣጫ ግን ሁሉም በአንድነት ዞሮ ይወጣል። ሥዕሉ ያማረ ስለሚሆን ማንም አይጠረጥርም። መድኃኒቱ ከሰርቬየሩ ጋር መስማማት ነው። ከመጀመሬ በፊት ገጹ ላይ ሦስት አራት ነጥብ በቀለም ይደረጋል፣ በቶታል ስቴሽን ይለካል፣ ሞዴሉም በኋላ በእነዚያ ነጥቦች ላይ ይታሰራል። ይህን ያላደረገ እስካን ለእኔ ፎቶ ነው።

አንድ ፎርማን «ኢንጂነር፣ ፎቶ አንስተሃል አይደል? ነገ ሾትክሪት ይገባል፤ ምን ቀረህ?» ብለውኝ ነበር። «ጋሼ፣ ፎቶው ድንጋዩ ወዴት እንደሚንሸራተት አይነግረኝም» አልኳቸውና ወደ ጉድጓዱ የሚያዘነብለውን አንዱን ገጽ አሳየኋቸው። ከዚያ ጥግ ሠራተኞቹን ወዲያው አስነሡ።

የሙያው እምብርት ያለው ግን ከእስካኑ በፊት ነው ብዬ አምናለሁ። አትላስና አካባቢው ላይ የሚወጣው ድንጋይ እንጦጦን ከሠራው፣ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሚሆነው አለት ያነሰ ዕድሜ አለው፤ የባዛልት ፍሰት አለ፣ ኢግኒምብራይትም አለ። ኢግኒምብራይት ከፍንዳታ የወጣ ትኩስ አመድና ፓሚስ ምድር ለምድር ተጉዞ፣ ሳይቀዘቅዝ ተጣብቆ የጠነከረ ድንጋይ ነው፤ የአዲስ አበባ ጠራቢዎች ለግንብ አሳምረው ይጠርቡታል። በአንዱ ፍሰትና በሚቀጥለው መካከል አንዳንዴ ቀጭን ቀይ የሸክላ ንጣፍ ይገኛል። ፍሰቱ ለረጅም ዘመን ሲቆም አፈር ተፈጠረ፤ በላዩ የመጣው ትኩስ ድንጋይ ደግሞ ያንን አፈር ጠብሶ አቀላው። ለመሐንዲሱ ከጠቅላላው ግድግዳ አደገኛው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ውኃ ይይዛል፣ ሲርስም ይለሰልሳል፣ ጠንካራው ድንጋይ በላዩ ሊንሸራተት ይችላል። በላይዳሩ ነጥቦች ውስጥ ግን ይህ ንጣፍ ትንሽ ገባ ያለ መስመር ነው እንጂ ሌላ ምልክት የለውም።

የሁለት ሳንቲሜትር ስንጥቅም እንዲሁ ይጠፋል፤ ሶፍትዌሩ ጠርዙን ያለሰልሰዋል። በስንጥቁ ውስጥ ሸክላ ይኑር ካልሳይት፣ ገጹ ሸካራ ይሁን ልሙጥ፣ መዶሻ ሲያርፍበት ይጩህ ይታፈን፣ ይህን ሁሉ ጨረሩ አያውቅም። እርጥብ ድንጋይና በጣም ጥቁር ባዛልት ጨረሩን ደካማ አድርገው ይመልሱታል፤ የቀትር ፀሐይም ትረብሸዋለች፣ ስለዚህ ማለዳን እመርጣለሁ። አስቀድሜ በዓይኔና በእጄ አነባለሁ። አስጊ የመሰለኝን ቦታ በረጅም ዘንግ ላይ በታሰረ ጠመኔ፣ የሚቀረበውን በስፕሬይ ቀለም አሠምራለሁ፤ የንጣፉን ድንበር፣ ዋና ዋናዎቹን ስንጥቆች፣ ውኃ የሚወጣበትን። ከዚያ ታብሌቱ ያንን መስመር ከነቀለሙ ይወስደዋል። በዚህ መንገድ ፍርዴ በአለቱ ላይ ተጽፎ ይመዘገባል፤ ቢሮ ተቀምጦ ከግራጫ ነጥቦች መካከል ድንበር መፈለግ ይቀራል።

አንድ ግድግዳ ብቻ ወስዶ መርካትም አይገባም። ሩት ተርዛጊ እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስገነዘበችው፣ ከምናየው ገጽ ጋር ትይዩ የሆኑ ስንጥቆች ያንን ገጽ እምብዛም ስለማያቋርጡት በቁጥራችን ያንሳሉ። ጉድጓድ ግን አራት ግድግዳ አለው። ቢያንስ ሁለት ተሻጋሪ ግድግዳ ካልተወሰደ፣ ክላውድ ኮምፔር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የሚያወጣው ያማረ ስቴሪዮኔት (የስንጥቆቹ አቅጣጫ ሥዕል) አንዱን የስንጥቅ ቤተሰብ ሊደብቅ ይችላል።

ይህን ሁሉ ድካም ለአንድ ሕንፃ ብቻ ማዋል ያሳዝነኛል። እነመንገሻ ተፈራ እ.ኤ.አ. በ1996 ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ጂኦሎጂ ካርታ መለኪያው 1 ለ2,000,000 ነው፤ በእሱ ላይ ከአትላስ እስከ የረር ተራራ ያለው መንገድ ከአንድ ሳንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ካርታው ለአገር ነው፤ ለጎዳና አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ፈንታሌ አካባቢ ማግማ በስምጥ ሸለቆው ሥር ሰርጎ ምድሪቱን ሲያናውጣት፣ የቦሌ ፎቆች ላይ የነበሩ ሰዎች ተሰምቷቸው ወደ ደጅ ወጥተዋል። መንቀጥቀጥ ለስላሳ አፈር ሲያገኝ ይበረታል፤ ስለዚህ መረሬው የት ላይ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ፣ አለቱስ ከስንት ሜትር እንደሚጀምር በየብሎኩ ማወቅ ያስፈልገናል። መልሱን ደግሞ እያንዳንዱ የቤዝመንት ጉድጓድ በነፃ ያሳየናል፤ ከዚያም በኮንክሪት ይሸፈናል።

እስካኑ በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ከቀረ አለቱ ሁለተኛ ጊዜ ተቀበረ ማለት ነው። ለግንባታ ፈቃድ የአፈር ምርመራ ሪፖርት እንደሚቀርበው፣ የጉድጓዱ ግድግዳ ሞዴልም ከመሸፈኑ በፊት ለከተማው ገቢ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ብዙ አይጠይቅም፤ የነጥቦቹ ፋይል ማንም ሶፍትዌር በሚከፍተው ቅርጸት፣ ሰርቬየሩ የለካቸው ነጥቦች ከነከፍታቸው፣ የተወሰደበት ቀን፣ የትኛው እርከን እንደሆነ፣ እንዲሁም ጂኦሎጂስቱ በእጁ ነክቶ የጻፈው ገጽ። ደንቡ እስኪወጣ ድረስ እኛ ባለሙያዎቹ እርስ በርስ መለዋወጥ እንችላለን። አትላስ ላይ ጎን ለጎን የሚቆፍሩ ሁለት ባለንብረቶች የሚጋሩት ያንኑ ቀይ ንጣፍ ነው፤ ሁለተኛው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያውን ሞዴል የከፈተ መሐንዲስ ንጣፉ በስንት ሜትር ላይ እንደሚጠብቀውና ወደየትኛው ጎረቤት እንደሚያዘነብል አውቆ ድጋፉን ይነድፋል።