የአቀል ሥዕልና የአቀል ሥራ

የአካባቢ ባህል በሥነ ጥበብ ትምህርት ውስጥ ይግባ የሚለው ሐሳብ ዛሬ ተቃዋሚ የለውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ በሩ ክፍት ነው። ሊመረመር የሚገባው በተከፈተው በር የሚገባው ነገር ነው።

ለጅግጅጋ፣ ለቀብሪ በያህና ለቶጎ ውጫሌ ትምህርት ቤቶች ቀላሉ መንገድ ግመልና አቀል በሰሌዳ ላይ ሥሎ ተማሪው እንዲገለብጥ ማዘዝ ነው። በዚህ መንገድ ወደ ክፍል የሚገባው የባህሉ ምስል እንጂ ባህሉ አይደለም።

አቀል የሴቶች ሥራ ነው። ሙሽራ ስትዳር እናቷና የቅርብ ዘመዶቿ ያዘጋጁላታል። እንጨቱ ጎብጦ ይታሰራል፤ በእጅ የተሠራው ምንጣፍም ይለብሰዋል። የጉዞ ጊዜ ሲደርስ ቤቱ ይፈርስና ምንጣፎቹ ለግመሉ ጀርባ መደላድል፣ እንጨቶቹም የጭነቱ ማሰሪያ ይሆናሉ። አንዱ ዕቃ ቤትም ኮርቻም ሆኖ ማገልገሉ፣ ስለ ቅርጽና ስለ አገልግሎት ከሚሰጥ ረጅም ገለጻ ይልቅ ያስተምራል። ከጭረት ተሰፍቶ በጢስ የሚታጠነው የወተት ዕቃ፣ ሃን፣ እንዲሁ ነው። ስፌቱ ከላላ ወተቱ ይፈሳል፤ ስለዚህ ሥራው በመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ መታረም አያሻውም።

የሶማሌ ጥበብ በቃል ብቻ ነው የሚል አስተያየት አለ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ገጣሚዎቹ ብዛት ከጻፈ ወዲህ ግጥሙ የእጅ ሥራውን ጋርዶታል። ነገር ግን ሴቶቹ ምንጣፉን የሚሠሩት እየዘፈኑ ነው። የተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የዕይታ ጥበባትን በአንድ ስም ማጣመሩ ለዚህ ተስማሚ ነው። ሕይወት ያለውን ፍጡር መሣል የማይወዱ ወላጆች ቢኖሩም በስፌት ጌጥ ላይ ቅሬታ ሊያነሡ አይችሉም።

ችግሩ ያለው በአስተማሪዋ ላይ ነው። ሥራውን የምታውቀው ሴት የምስክር ወረቀት የላትም፤ የምስክር ወረቀት ያለው መምህር ደግሞ የሠለጠነው በእርሳስና በቀለም ነው። በከተማ የቆርቆሮ ቤት ያደገችው ልጅ፣ ወተትን በፕላስቲክ ጀሪካን ብቻ የምታውቀው፣ ሙያውን ከእናቷ የምትወርስበት አጋጣሚ እየጠበበ ነው። ዕቅድ አውጪዎች ለባለሙያዋ የቀን አበል የሚያስከፍል የበጀት ርዕስ ሊከፍቱ፣ ነጥቡም ለግልባጭ ሳይሆን ተማሪው ለሠራው ዕቃ እንዲሰጥ ሊያደርጉ ይገባል። በፕላስቲክ ክር የሚሰፋውም ሥራ እንደ ብልሹ መቆጠር የለበትም። ወንዶች ልጆች ስፌት ይማሩ ወይስ ከእንጨት ጠራቢዎች ዘንድ ይሂዱ የሚለው ግን ሴቶቹ ሳይጠየቁ በቢሮ የሚወሰን አይደለም።