በግጥም ውስጥ ወንድነትና ሴትነት

በአገራችን ደፋር ሴት በታየች ጊዜ «ወንድ ናት» ተብላ ትመሰገናለች፤ ፈሪ ወንድ በታየ ጊዜ ደግሞ «ሴት ነው» ተብሎ ይሰደባል። ከምስጋናውም ከስድቡም የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጀግንነት የወንድ ርስት ነው፣ ሴት የምትወርሰውም ሴትነቷን አስረክባ ነው ማለት ነው። ይህ ሚዛን ትክክል ነውን? የዘመናችን ሴቶች ባለቅኔዎች ጥያቄውን አንሥተዋልና፣ እኛም በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለሚያስተምሩና ለሚማሩ ወገኖች ይጠቅማል ያልነውን ባጭሩ እንጽፋለን።

ወንድነትና ሴትነት በአንድ መንፈስ ተስማምተው መኖራቸውን የኤውሮፓ ሊቃውንት ከግሪክ በወሰዱት ቃል አንድሮጂኒ ይሉታል። ፍናፍንት የሚለው የእኛ ቃል የሥጋን ነገር የሚናገር ስለ ሆነ ለዚህ አይስማማም። እንግሊዛዊቱ ደራሲ ቨርጂኒያ ውልፍ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. ባሳተመችው «የራስ የሆነ ክፍል» በተባለው መጽሐፏ፣ ታላቅ አእምሮ ሁለቱን ባሕርያት አስማምቶ የያዘ ነው የሚለውን የባለቅኔውን የኮልሪጅን ሐሳብ አንሥታ አስፋፍታዋለች።

ሐሳቡን የግጥም ሥጋ ያለበሰችው ግን አሜሪካዊቱ አድሪየን ሪች ናት። በ1973 በወጣው «ወደ ስባሪው መርከብ መጥለቅ» በተባለው ግጥሟ አንድ ጠላቂ ብቻውን ወደ ባሕር ወርዶ የሰጠመ መርከብ ይመረምራል፤ ከጥልቁም በደረሰ ጊዜ ሴትም ወንድም ሆኖ ይገኛል። አንባቢ ልብ ይበል፤ እኛ ይህን ስንተርክ «ወርዶ» አልን እንጂ «ወርዳ» ማለትም ይቻል ነበር። ባለቅኔይቱ «እኔ» ብላ በመናገሯ ከምርጫው ነጻ ስትሆን፣ እኛ ግን ስለ እርሷ ጠላቂ ስንናገር አማርኛችን አንዱን ምረጡ ብሎ አስገደደን።

ይሁንና አማርኛም በሩን ፈጽሞ አልዘጋም። «አንተ» እና «አንቺ»፣ «እሱ» እና «እሷ» ተለይተው ሳለ «እኔ» እና «እኛ» ጾታ የላቸውም። ከሁሉ የሚያስደንቀው «እርስዎ» እና «እሳቸው» ጾታ የማይለዩ መሆናቸው ነው፤ ማክበር በጀመርንበት ስፍራ ወንዱንና ሴቲቱን በአንድ ቃል እንጠራለን። በ1942 ዓ.ም. የታተመው የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ መጽሐፍ አርእስቱ «የልቤ መጽሐፍ» ነው። «ልቤ» የሚለው ቃል የወንድ ይሁን የሴት አይናገርም፤ የሴት መሆኑን የሚያስታውቀው የደራሲዋ ስም ነው። እኒህ ደራሲ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ወደ ፓርላማ ሲገቡ ሴትነታቸውን አላስረከቡም።

ወደ ክልላችን ስንመለስ፣ በመተከልና በካማሺ የሚነገረው የጉሙዝ ቋንቋ «እሱ» እና «እሷ» ብሎ አይለይም። የጉሙዝ ልጅ በአማርኛ ሲጽፍ «እናቴ መጣ» ቢል መምህሩ ያርመዋል፤ ሰዋስው ሕግ አለውና ማረሙ ተገቢ ነው። ያው ተማሪ በግጥሙ የተናጋሪውን ጾታ አስቦበት ሳይገልጽ የተወው እንደ ሆነ ግን፣ መምህሩ ቀዩን ቀለም ከማንሣቱ በፊት ግጥሙን ደግሞ ያንብብ እንላለን። ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ያመጣው ስጦታ ሊሆን ይችላልና።

ነገር ግን ቋንቋው ስላልለየ ኑሮውም አልለየም ማለት አይደለም። በጉሙዝ ዘንድ በቆየው የልውውጥ ጋብቻ ልማድ፣ ወንዱ ሚስት የሚያገኘው እኅቱን ለሙሽራዪቱ ቤተ ሰብ በመስጠት ነው። ስለዚህች እኅት የሚገጥም ባለቅኔ «ሰው» ብሎ ብቻ ቢያልፍ ዋናውን ነገር ሸሸገ፤ የተሰጠችው ሴት በመሆኗ ነውና። ሪችም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ባገኘች ጊዜ፣ አብረዋት ከታጩት ከኦድሪ ሎርድና ከአሊስ ዎከር ጋር በሴቶች ሁሉ ስም ተቀበለችው። በ1978 ባሳተመችው መድበልም አንድሮጂኒ የሚለውን ቃል ከእንግዲህ እንደማትመርጠው በግጥም አስታወቀች። እኛ እንደምንረዳው፣ ሁለቱን አንድ አደረግሁ የሚል ቃል ሴቲቱን ሊውጣት እንደሚችል ተገንዝባለች።

እንግዲህ ለወጣት ባለቅኔዎቻችን የምንመክረው ይህ ነው። የነፍስን ነገር በተናገራችሁ ጊዜ «እኔ» የሚለውን ሰፊ ቃል በነጻነት ተጠቀሙበት፤ ሸክምና በደል የማን እንደ ሆነ በተናገራችሁ ጊዜ ግን «እሷ» ከማለት አትፈሩ። ደፋሪቱንም ወንድ ሳታደርጉ፣ በሴትነቷ ደፋር ናት ብላችሁ አመስግኗት።