ከ«አይዞሽ» በፊት

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይባላል። ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ አዋላጅ ሆኜ በጀመርኩበት ሰሞን ነፍሰ ጡሮችን ሰብስቤ ሳስተምር፣ አጅበዋቸው ከመጡት እናቶች መሃል ይህ ተረት ሲነገር እሰማ ነበር። ያኔ ትምህርቴ አደገኛ ምልክቶችን መዘርዘር ነበር፦ ደም መፍሰስ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ። ዝርዝሩ ነፍስ ያድናል፤ ዛሬም አልተወውም። በኩሯን የምትጠብቀው ወጣት ግን ይዛው የምትመለሰው ፍርሃት ብቻ ነበር።

አንዲት ወጣት ምጥ ይዟት በወሳንሳ መጣች። ምጡ ፋታ በሰጣት ቁጥር «አሁንስ ምን ይመጣል?» ትለኛለች። «አይዞሽ» አልኳት። መልሳ ጠየቀችኝ። እኔ ማጽናኛ እሰጣታለሁ፤ እሷ የጠየቀችው መንገዱን ነው።

በአገራችን በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 26 ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ብዙ የደከምነው እናቲቱን እስከ በር ለማምጣት ነው። ከበሩ ወዲያ የሚጠብቃትንም ልንነግራት ይገባል።

ስለዚህ አሁን መንገዱን አስቀድሜ እነግራለሁ። ወደ ሰቆጣ ገበያ በእግሯ የወጣች ሴት የትኛው ዳገት ላይ እንደምታርፍ ታውቃለች። ምጥም ይመጣል፣ ይበረታል፣ ይለቃል፤ ማረፊያ አለው። የበኩር ምጥ መጀመሪያው ረጅም ሊሆን ይችላል፤ የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አያልፍም። ይህን ያወቀች ሴት ሌሊቱ ሲረዝምባት «ሰውነቴ ከዳኝ» አትልም። ቤቷ ሩቅ ከሆነ ምጡ ሳይጀምራት እናቶች ማቆያ እንድትገባ ከባሏ ጋር እንመክራለን።

ከዚያ ማዋለጃ ክፍሉን አሳያታለሁ። አልጋው ላይ ትወጣለች፣ የፅንስ ማዳመጫውን በእጇ ትይዛለች። አብረዋት የመጡትንም «እናቴ፣ እርስዎ እንዴት ወለዱ?» እላቸዋለሁ። «ተንበርክኬ» ይሉና ወለሉ ላይ ያሳዩናል። ልክ ናቸው፤ ቆሞ መንቀሳቀስና እንደ መንበርከክ ባለ አኳኋን ቀጥ ማለት የመጀመሪያውን የምጥ ደረጃ በአማካይ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያሳጥር ጥናቶች አረጋግጠዋል። በመጨረሻ ወጣቷ የሰማችውን ለእናቷ መልሳ ትነግራለች፤ በኽምጣንጋ ቋንቋ አፏን የፈታችው በኽምጣንጋ። መልሳ መናገር ካልቻለች ያላስተማርኩት እኔ ነኝ፤ እንደገና እጀምራለሁ።

በቅርቡ እንዲህ የተዘጋጀች አንዲት ወጣት የእናቷን ትከሻ ተደግፋ ስታምጥ «አሁንስ?» ስትል ሰማሁ። አፌን ሳልከፍት እናቷ መለሱላት፦ «ይለቅሻል። ተንፍሺ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቂዋለሽ።» እኔም «አይዞሽ» አልኳት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። ሕፃኑ አልቅሶ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስንላት፣ መጀመሪያ የጨበጠችው የእናቷን እጅ ነበር።