ሰዓቱ ሲሳሳት ዲስኩ ለምን ይከሰሳል?

በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ የሚተቸው ብዙውን ጊዜ መማሪያ መጽሐፍ ወይም ልብ ወለድ ነው። እኔ ዛሬ የምተቸው ኮምፒውተር ሲነሳ በጥቁር ገጽ ላይ የሚጽፈውን አንድ መልእክት፣ መልእክቱን የሚያብራራውን መመሪያ፣ እንዲሁም መልእክቱን አይተን እኛ መምህራን የምንወስደውን እርምጃ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን በዚህ ምክንያት የተማሪ ሥራ ይጠፋል፤ ደህና ኮምፒውተርም "ሞቷል" ተብሎ ጥግ ይጣላል። በጽሑፉ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ "የእኛ" እላለሁ።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ካበቃ ወዲህ አሮጌ ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ ማዞር የብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራ ሆኗል። እዚህ አርሂባ እኛም እንደዚያው አድርገናል። በአሊ አዴና በሆል ሆል ካምፕ የምታስተምሩም አሮጌ ማሽን ሲደርሳችሁ ይኸው ጉዳይ ይገጥማችኋል። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ከዚያ አንድ ቀን የሲስተሙ መሣሪያዎች ተሻሽለው፣ መብራት ጠፍቶ መጥቶ፣ ኮምፒውተሩ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ነው። ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦ ይህ ዲስክ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ገና ባልመጣ ጊዜ ነው፤ ያልተጠበቀ መዛባት አለ፤ ፍተሻውን በእጃችሁ አስኪዱ። ከዚያ በኋላ ዝም ነው።

ይህን ያነበበ ሰው ምን ይገባዋል? "መዛባት" የሚለውን ያይና ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ ብሎ ይደመድማል። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የታወቀ ነው፦ ፎርማት! ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ለፈተና ስታዘጋጅ የከረመችው ማስታወሻ ሁሉ የጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ኮምፒውተሩ ወደ አንድ ጠጋኝ ተወሰደ፤ ፎርማት ተደርጎ መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ያው መልእክት ተመልሶ ቆመ። ዲስኩ ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበር። የሞተው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። በኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ። አንደኛው የማሽኑ ሰዓት ነው፤ አይቢኤም በ1984 ባወጣው ፒሲ ኤቲ ላይ ከገባ ጀምሮ በሁሉም ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ይቆጥራል፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ሲአር 2032 ከምትባለው የሳንቲም ቅርጽ ካላት ባትሪ ነው። ሁለተኛው የሲስተሙ ሰዓት ነው። ሊኑክስ ሲነሳ ከማሽኑ ሰዓት አንድ ጊዜ ያነባል፤ ከዚያ በኋላ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያሉትን ሰከንዶች በራሱ ይቆጥራል። ዲስኩ ደግሞ የራሱ መዝገብ አለው፤ መቼ እንደተከፈተና መቼ እንደተጻፈበት እዚያ ይሰፍራል። ሲስተሙ ሲነሳ ኢ-ቱ-ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ የተባለው ፈታሽ መዝገቡን ከሰዓቱ ጋር ያስተያያል። ባትሪዋ ሞታ ሰዓቱ ወደኋላ ከተመለሰ፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ቀን "ገና ያልመጣ" ሆኖ ይታያል። እንግዲህ ምስክሩ ሰዓቱ ነው፣ ተከሳሹ ዲስኩ ነው፤ የተሳሳተው ግን ምስክሩ ነው።

ፈታሹን ያለ ምክንያት አልወቅሰውም። አንድ መዝገብ ከሰዓቱ ጋር ካልተስማማ፣ ዝም ብሎ ከማለፍ ቆሞ መጠየቅ ይሻላል። የሰው ፋይል ላይ እያጠራጠረ መጻፍ አደጋ ነው። ስለዚህ መቆሙ ትክክል ነው። ጉድለቱ የቆመበትን ምክንያት በደንብ አለመናገሩ ላይ ነው።

የመመሪያውን ታሪክ ስንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። የፕሮግራሙ ዋና ጸሐፊ ቴዎዶር ጾ የታወቀ የሊኑክስ ባለሙያ ነው። በ2000ዎቹ ማለቂያ ገደማ የነበረው መመሪያ ችግሩን ያስቀመጠው በወቀሳ መልክ ነበር፦ የማሽኑን ሰዓት በአካባቢ ሰዓት የሚያስኬዱ አሉ፣ አንዳንድ አከፋፋዮችም ሰዓቱን ሳያስተካክሉ ፈታሹን ያስጀምራሉ ይልና ኡቡንቱን በስም ይጠራል። ለእነዚህ ሲባል እስከ 24 ሰዓት ያለን ልዩነት የሚያልፍ አማራጭ ተቀመጠ፤ ግን ካልበራ አይሠራም ነበር። በኋላ የወጡት እትሞች ይህንን ይቅርታ ሳይጠየቅ የሚሰጥ አደረጉት። መልእክቱም ተሻሻለ፤ ልዩነቱ ከአንድ ቀን በታች ከሆነ "ምናልባት የማሽኑ ሰዓት በትክክል ስላልተሞላ ይሆናል" ብሎ ራሱ ይናገራል፣ ያስተካክላል፣ ያልፋል። እኔ የማደንቀው ይህን ነው። ጸሐፊው ዓለም እሱ እንደፈለገው እንዳልሆነ አይቶ መሣሪያውን ወደ ሰው አቀረበ።

ነገር ግን ይቅርታው የሚያበቃው አንድ ቀን ላይ ነው። ሰዓቱ በዓመታት ከተሳሳተ፣ ያቺ "ምናልባት የማሽኑ ሰዓት" የምትለው ጠቃሚ ሐረግ ትጠፋለች። ሰው በጣም በሚፈልጋት ጊዜ ጠፋች ማለት ነው። ሰባት ዓመት ወደኋላ ከሄደ ሰዓት ይልቅ ሦስት ሰዓት የተዛነፈው ለምን ማብራሪያ ያገኛል? ትልቁ ስህተት እኮ የባትሪ ምልክት ነው።

አሁን እኛን በቀጥታ የሚመለከተው ነገር ይመጣል። ፈታሹ ያበደ ሰዓትን የሚለይበት አንድ መለኪያ አለው፤ ሰዓቱ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 በፊት ካሳየ አላምነውም ብሎ የጊዜ ንጽጽሩን ይተወዋል። ባትሪ የሞተበት ማሽን ወደ 2000 ወይም ወደ 1970 ስለሚመለስ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ ማዘርቦርድ የሚመለሰው የውስጥ ፕሮግራሙ፣ ማለትም ባዮሱ፣ ወደተጻፈበት ዓመት ነው። ያ ዓመት 2013 ወይም 2015 ከሆነ ፈታሹ ሰዓቱን ጤነኛ ነው ብሎ ያምናል፤ ጥፋቱንም ዲስኩ ላይ ያደርጋል።

ሌላው ደግሞ የራሳችን አቆጣጠር ነው። ኤፍ 2 ወይም ዴል የሚለውን ተጭነን ባዮስ ውስጥ ስንገባ፣ ቀን ሙሉ ሲለን፣ ብዙዎቻችን የምንጽፈው የምናውቀውን ዓመተ ምሕረት ነው። የእኛ 2018 የጀመረው በእነሱ 2025 ነው። ማሽኑ ይህ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ብሎ የሚመዘግብበት ቦታ የለውም፤ ጳጉሜን የሚያስገባበት አሥራ ሦስተኛ ወርም የለውም። 2018 ብለን ከሞላን፣ ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ ሄደናል ማለት ነው። 2018 ደግሞ ከ2010 በኋላ ስለሆነ እንደ እብድ ሰዓት አይቆጠርም። በሁለቱ መካከል ወደቅን፤ ለይቅርታው በጣም ሩቅ ነን፣ ለእብደቱም በጣም ቅርብ ነን። ይህን መለኪያ ያወጣው ሰው በሌላ ዓመት የሚኖር ሕዝብ እንዳለ ያሰበ አይመስለኝም። የሰዓት አቆጣጠራችን ግን ያን ያህል አይጎዳም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 1:00 ብለን ብንሞላ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ብቻ ስለሆነ በ24 ሰዓቱ ይቅርታ ውስጥ ያልፋል።

እዚህ ላይ አቆጣጠራችንን ተዉ እያልኩ አይደለም። ኮምፒውተሮች የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ማሳየት ይችላሉ፤ ይህ ግን ከላይ የሚለበስ ልብስ ነው። ከሥር ያለው ቆጠራ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ልብሱን እንደ ባህላችን እንልበስ፤ አጥንቱን ግን አንነካካ።

በዚህ ዓይነት ስሕተት የወደቁት ፈታሹን የጻፉት ብቻ አይደሉም። በ2008 ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች መግባት የጀመሩትን አረንጓዴና ነጭ የኤክስ-ኦ ላፕቶፖች የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ለልጆች ተብለው፣ አቧራና ፀሐይ ታስቦ የተሠሩ ነበሩ። ነገር ግን የስርቆት መከላከያው በርቶ ከሆነና የሰዓቱ ባትሪ ከሞተ ወይም ከላላ፣ ቀኑ ልክ አይደለም ብለው አይነሱም። ጠጋኝ በሌለበት ገጠር ለሚገኝ ልጅ የተሠራ ማሽን፣ በአንዲት ትንሽ ባትሪ ምክንያት በሩን ሲዘጋበት ማየት ያሳዝናል። ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ሰዓቱ ሲሞት ምን ይሆናል ተብሎ በበቂ አልተጠየቀም።

ስለ ማሻሻሉም አንድ ነገር ልበል። የማሽኑ ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት በዩቲሲ ነው ወይስ በአካባቢ ሰዓት የሚለው ምርጫ በዴቢያን ላይ ድሮ የሚጻፈው አር-ሲ-ኤስ በሚባል ፋይል ነበር። በ2013 ከወጣው ዴቢያን 7 ጀምሮ ምርጫው አድጅታይም ወደሚባለው ፋይል፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ተዛውሯል። ለውጡ ተገቢ ነው። ችግሩ በየክፍላችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አብሮ አለመዛወሩ ነው። ፕሮግራም በአንድ ሌሊት ይታደሳል፤ ፎቶ ኮፒ የተደረገ መመሪያ ግን እስኪቀደድ ይነበባል። ተማሪው የድሮውን ፋይል ያርማል፣ ምንም አይለወጥም፣ ከዚያ "ሊኑክስ አይረባም" ይላል።

እንግዲህ ተራው የእኛ ነው። ባትሪዋ ስትሞት ከሊኑክስ በፊት የሚናገረው ባዮሱ ነው፤ ሰዓቱና ቀኑ አልተሞላም ይልና ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫኑ ይላል። ከሁሉ መልእክት እውነተኛው ይሄ ነው። እኛስ ምን እናደርጋለን? ሳናነብ ኤፍ 1 እንጫናለን፤ ተማሪዎቻችንም ከእኛ አይተው ይጫናሉ። በጅቡቲ በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ያገለገሉ ሆነው የመጡ ማሽኖች ክረምቱን ሙሉ ተነቅለው ሲቀመጡ ባትሪዋ ብታልቅ አይደንቅም። ኢንተርኔት ቢኖር ሲስተሙ ሰዓቱን ከመረብ ያስተካክል ነበር፤ ያ የሚሆነው ግን ፈታሹ ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከፎርማት በፊት ይህን ቅደም ተከተል እንከተል። አንደኛ፣ ማሽኑን አጥፍተን እንደገና ስናስነሳ ባዮስ ውስጥ ገብተን ቀኑን እንይ፤ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ትክክል ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ከተሳሳተ እናርም። ሊኑክስ ብቻ ያለበት ማሽን ከሆነ በዩቲሲ እንሙላ፤ በጅቡቲ 15:00፣ በእኛ አነጋገር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ባዮሱ 12:00 ማሳየት አለበት። ዊንዶውስም አብሮ ካለ የአካባቢውን ሰዓት ሞልተን፣ አድጅታይም ፋይል ላይ "ሎካል" የሚለው መጻፉን እናረጋግጥ። ሦስተኛ፣ እናስነሳው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፈታሹ ምንም ሳይል ያልፋል። አራተኛ፣ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ዓመቱን በስሕተት ወደፊት ሞልቶት ከነበረ መልእክቱ ሊቀጥል ይችላል፤ ያን ጊዜ ፈታሹን በእጅ አስኪደን፣ የዲስኩን ቀን ላስተካክል ወይ ሲል እሺ ማለት ነው። አምስተኛ፣ ማሽኑን ከመብራት ነቅለን ባትሪዋን እንቀይር። ቀኑ ትክክል ሆኖ ሌላ ዓይነት ስሕተት ከታየ ዲስኩን መጠርጠር ያን ጊዜ ይገባል፤ ያኔም መጀመሪያ ፋይሎቹን ወደ ፍላሽ እናውጣ።

ፍርዴን ባጭሩ ላስቀምጥ። ፈታሹ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የተሻሻለውም ወደ ተሻለ ነው። መልእክቱ ግን ልዩነቱ በዓመት ሲሆንም ሰዓቱን እንድናይ ሊነግረን ይገባል፤ አንዲት መስመር ብትጨመር ስንት ዲስክ ከፎርማት ይድናል። እስኪጨመር ድረስ ያቺን መስመር የሚጨምረው መምህሩ ነው። "መጀመሪያ ቀኑን እዩ" ብላችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ ከእያንዳንዱ ስክሪን ሥር ለጥፉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ላይ ያለው የተማሪ ድካም ግን ተመልሶ አይለቀምም።